ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞች፦ የትራንስክሪፕት ሪቪው

አንድ ወረቀት ነው። ላዩ ላይ የተማሪው ሙሉ ስም፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የኮርሶቹ ዝርዝር፣ የሬጅስትራሩ ፊርማና ክብ ማኅተም፤ ወደ ግርጌው ደግሞ ነጥብ ያላት አንዲት ቁጥር አለች። ዋጋዋ አራት ዓመት ነው፤ ኢንጂነሪንግ ከሆነ አምስት፣ ሕክምና ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ስልክ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመግዛቱ በፊት አሥር ሰው የሚጠይቅ ሁሉ ስለዚህች ዕቃ የሚሰማው ከሁለት ወገን ብቻ ነው። እቤት «ውጤትህን አጥብቀህ ያዝ» ይባላል፤ ቀድሞ የተመረቀ ጓደኛ ደግሞ «ተወው ባክህ፣ ማንም አያየውም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ያንኳኩት በር ነው የተለያየው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ይህች ቁጥር፣ ማለትም ሲጂፒኤ (የሁሉም ኮርሶች ጥቅል አማካይ ውጤት)፣ የምትሠራው የሚቀጥረው ወይም የሚቀበለው አካል ስለ አመልካቹ ሌላ ምንም መለኪያ በእጁ በሌለው ጊዜ ነው። ሌላ መለኪያ በተገኘ ቁጥር፣ ማለትም ፈተና፣ የሥራ ልምድ፣ የሙያ ፈቃድ ወይም የተሠራ ሥራ ሲኖር፣ ቁጥሯ ድምፅዋ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አገር ውስጥ የአገልግሎት ዘመኗ ከምረቃ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ሞታለች ከተባለች በኋላ እንደገና የምትነሣበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የውጭ አገር የትምህርት ማመልከቻ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ቁጥሯ እንዴት ትሠራለች

ስሌቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት በግሬዱ ነጥብ ይባዛል፣ ሁሉም ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ተማሪው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነጥቦቹ የሚዘሉበትን መንገድ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት በሚሠራበት መለኪያ 85 እና ከዚያ በላይ 4.00 ነው፤ ከ80 ጀምሮ 3.75፣ ከ75 ጀምሮ 3.50፣ ከ70 ጀምሮ 3.00፣ ከ65 ጀምሮ 2.75፣ ከ60 ጀምሮ 2.50፣ ከ50 ጀምሮ 2.00። በ79 እና በ80 መካከል ያለው ርቀት ሩብ ነጥብ ነው። በ74 እና በ75 መካከል፣ በ59 እና በ60 መካከል ያለው ግን ግማሽ ነጥብ ነው። ኤ ፕላስና ኤ ደግሞ በስሌቱ ውስጥ እኩል ናቸው፤ 97 ያመጣም 85 ያመጣም 4.00 ይዞ ይወጣል። እንግዲህ 88 ላይ ያለውን ኮርስ ወደ 95 ለማድረስ ሌሊቱን የሚያነጋ ሰቃይ ተማሪ ለቁጥሯ ምንም አልጨመረላትም። ያንኑ ሌሊት 73 ላይ ለቆመው ኮርስ ቢሰጠው ግን ግማሽ ነጥብ ያገኝ ነበር። (ለእውቀቱ ሲል ከሆነ ያንጋ፤ እዚህ የምንገመግመው ቁጥሯን ነው።)

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። የ138 ክሬዲት ፕሮግራም እንውሰድ። አንድ የ3 ክሬዲት ኮርስ ከቢ ወደ ቢ ፕላስ፣ ማለትም ከ3.00 ወደ 3.50፣ ቢያድግ የሚጨምረው 1.5 ነጥብ ነው፤ ለ138 ሲካፈል 0.011 ገደማ ይሆናል። በአንድ ግሬድ ምክንያት መምህር ቢሮ ደጃፍ ሳምንት የሚመላለስ ተማሪ የሚታገለው ለዚህች ፍርፋሪ ነው። በአሥር ኮርስ ላይ ያው ዕድገት ቢመጣ ግን 0.11 ይሆናል፤ ይህ 2.90ን ከ3.00 በላይ ያሻግራል።

ጊዜው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። 100 ክሬዲት ጨርሶ 2.60 ላይ ያለ ተማሪ «ቀሪውን እገፋበታለሁ» ቢል ሒሳቡ አይፈቅድለትም። የቀሩትን 38 ክሬዲቶች በሙሉ ኤ ቢያመጣ እንኳ 260 ሲደመር 152 ይሆናል፤ 412 ለ138 ሲካፈል 2.99። 3.00 አይገባም። ያው 2.60 በአንደኛው ዓመት መጨረሻ፣ 34 ክሬዲት ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ከዚያ በኋላ በአማካይ 3.13 ማምጣት በቂ ነበር፤ ብዙ ተማሪ የሚችለው ነው። ቁጥሯ የምትሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴሚስተሮች ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የዕቃው ትልቁ የአሠራር ጉድለትም ይኸው ነው። ተማሪው ገና የዶርም ኑሮ ሳይለምድ፣ በእንግሊዝኛ መማር ሳይቀለው ያመጣው ግሬድ በአራተኛው ዓመት ከሠራው ፕሮጀክት ጋር በክሬዲት ልክ እኩል ይመዘናል።

አገር ውስጥ፦ መቁረጫና ማወዳደሪያ

የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሲጂፒኤ በሁለት መልክ ይመጣል፤ ሁለቱን መለየት ግማሽ ሥራ ነው።

አንደኛው መቁረጫ ነው። «ዜሮ ዓመት» የሚባሉት፣ የሥራ ልምድ የማይጠይቁት የባንክና የትልልቅ ድርጅቶች የሠልጣኝ ማስታወቂያዎች ይህን ይወዳሉ፤ ምክንያቱም ለጥቂት ቦታ ብዙ ሺህ ሰው ያመለክታል፣ የሰው ኃይል ክፍሉም ሁሉንም ማንበብ አይችልም። ፎርሙ ላይ የተሞላው ቁጥር ወደ ኤክሴል ይገባል፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ሳይነበብ ይቀራል። እዚህ ላይ፣ መስመሩ 3.00 ከሆነ፣ 3.01 እና 3.90 አንድ ናቸው፤ 2.99 ግን ሌላ ዓለም ነው። በብዙ ማስታወቂያዎች መስመሩ ለሴት አመልካቾችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ይላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያው ግርጌ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚጻፍ ሳያዩት የሚያልፉ አሉ። ሌላው የሚያበላሸው ማጠጋጋት ነው። 2.97 ያለው ሰው «3.0» ብሎ ሞልቶ ለፈተና ይጠራል፣ ያልፋልም፤ ዋናው ሰነድ ሲመሳከር ግን ይሰረዛል። ያኔ ነገሩ የሲጂፒኤ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የተሳሳተ መረጃ መስጠት ይሆናል።

ሁለተኛው ማወዳደሪያ ነው። እዚህ ውጤት ከፈተናና ከቃለ መጠይቅ ጋር ይደመራል። ክፍፍሉ እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል ውጤት ከ20፣ የጽሑፍ ፈተና ከ50፣ ቃለ መጠይቅ ከ30 ይያዝ እንበል። 3.60 ያለው 18 ያገኛል፣ 2.80 ያለው 14። በመካከላቸው ያለው አራት ማርክ ነው። ከ50 በሚያዝ ፈተና ላይ አራት ማርክ ማለት ባለ 100 ጥያቄ ወረቀት ቢሆን ስምንት ጥያቄ ነው። የባንክ ፈተናዎች በብዛት የሚይዙት የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛና የአመክንዮ ጥያቄ ነው፤ የሦስት ሳምንት ልምምድ ስምንት ጥያቄ ሊያስመልስ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ባለ 2.80ው የተሸነፈ መስሎት መቅረቱ ነው ስህተቱ።

ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት መቅጠር ሲፈልግ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ቁጥሯ መቁረጫም ማወዳደሪያም ናት። ማስተማር የሚፈልግ ተማሪ ይህን በአንደኛው ዓመት ማወቅ አለበት፤ በኋላ የሚጠገን ነገር የለም። የአገር ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ደግሞ አሁን ብሔራዊ ፈተና ስላለው የሲጂፒኤ ድርሻ ከበፊቱ ጠቧል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ትልቅ ተፎካካሪ ዕቃ ገበያ ላይ ወጥቷል፤ የመውጫ ፈተናው። 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪው አይሰጥም፤ 3.80 ያለውም ቢሆን። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥትና ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከግል ተቋማት የመጡት ብቻቸውን ሲታዩ 17 በመቶ አካባቢ። ሁሉም ተፈታኝ ወደ ፈተናው የደረሰው ኮርሶቹን በማለፊያ ግሬድ ጨርሶ ነው። ቀጣሪው ከዚህ የወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በሁለት የተለያዩ ተቋማት የተጻፈ 3.40 አንድ ዓይነት 3.40 አይደለም። በዚህ ምክንያት ማስታወቂያዎች «የመውጫ ፈተና ያለፈ» የሚለውን እየጨመሩ ነው። ኤግዚቱን በጥሩ ነጥብ ያለፈ፣ ሲጂፒኤው ግን መካከለኛ የሆነ አመልካች የፈተናውን ውጤት ሲቪው ላይ ማስፈሩ ያዋጣዋል፤ ግሬዱ ሊለው ያልቻለውን ይልለታል።

ስለ ዘመድ አለመናገር አይቻልም፤ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነውና። ግን በዘመድም የሚገባ ሰው ፋይሉ ውስጥ መቁረጫውን የሚያልፍ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ኦዲት የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ከገቡ በኋላ

እዚህ ላይ ሪቪውው አጭር ነው፤ ዕቃው ሥራ ያቆማልና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በእነዚያ ቀናት አለቃ የሚያየው ሪፖርት በሰዓቱ መድረሱን፣ ደንበኛ መያዙን፣ ስህተት ሲገኝ ቶሎ መነገሩን ነው። የደረጃ ዕድገት ሲወዳደሩ የሚቆጠረው የሥራ አፈጻጸምና የአገልግሎት ዘመን ነው።

በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ የቀደሙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ በግሬድና በሥራ አፈጻጸም መካከል ግንኙነት መኖሩን አሳይቷል፤ ግንኙነቱ ጠንከር የሚለው አፈጻጸሙ ከምረቃ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲለካ ነው፣ ጊዜው ሲርቅ ይዳከማል። ጉግል ቀድሞ ከአመልካቾች ትራንስክሪፕት ይጠይቅ ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው የነበሩት ላዝሎ ቦክ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደተናገሩት የራሳቸው መረጃ ጂፒኤ ከአዲስ ምሩቃን በስተቀር ምንም እንደማይተነብይ ስላሳያቸው፣ ከተመረቁ ጥቂት ዓመት ብቻ ከሆናቸው በስተቀር መጠየቁን ትተውታል። በዚያው አገር በኮሌጆችና ቀጣሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ዳሰሳ መሠረት አመልካችን በጂፒኤ የሚያጣሩ ቀጣሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. 73 በመቶ ነበሩ፤ በ2023 ወደ 37 በመቶ ወረዱ። እኛ አገር ግን እዚያ ያለው የልምምድ ሥራና የማጣቀሻ ሰው ባህል ገና ስላልሰፋ የአሜሪካውን ወሬ ይዞ «ግሬድ ቀርቷል» ማለት ልጅን ያሳስታል። ባንኩ አሁንም ኤክሴሉን ይደረድራል።

ሶፍትዌር፣ ግራፊክስ፣ ሽያጭ፣ የራስ ንግድ፤ በእነዚህ ቁጥሯን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሚጠይቁት የልምድ ዓመትና ሪፖርት የሚጻፍበትን እንግሊዝኛ ነው። ጤና ላይ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ይቀድማል።

ሲቪ ላይ ማስፈር ወይስ መተው

3.25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይጻፍ፤ በማዕረግ የተመረቀ ማዕረጉን ይጨምር። ከ3.00 እስከ 3.25 ባለው፣ አዲስ ምሩቅ ከሆነ ይጻፍ፣ ሁለት ዓመት ከሠራ ይውጣ። ከ3.00 በታች ከሆነና ማስታወቂያው ካልጠየቀ አይጻፍ፤ መደበቅ አይደለም፣ ሲቪ ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚናዘዙበት ቦታ አይደለምና። ከተጠየቀ ግን ከነሁለት አሃዙ እንዳለ ይሞላል። ከጠቅላላው ይልቅ የዋናው ትምህርት ዘርፍ ጂፒኤ የሚሻል ከሆነ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ፤ 2.85 ጠቅላላ እና 3.20 የዘርፉ የሚል መስመር የአንደኛ ዓመቱን ታሪክ ሳያስረዝም ይናገራል። ይህን ለማድረግ የዘርፉን ኮርሶች ክሬዲት ራስ ቆጥሮ ማስላት ያስፈልጋል። ሲሰላ የተቀየሩ ወይም የተደገሙ ኮርሶች ሁለቴ እንዳይቆጠሩ መጠንቀቅ ነው።

የኦንላይን ፎርም ላይ ደግሞ ሁሌም የሚደጋገም ስህተት አለ፤ የምረቃ ዓመት። ፎርሙ የፈረንጅ አቆጣጠር እየጠበቀ 2015 ብሎ የሚሞላ የ2015 ዓ.ም. ምሩቅ ስምንት ዓመት ሥራ አጥ ሆኖ ይታያል፤ «ከምረቃ ከሁለት ዓመት ያልበለጠው» የሚል ማጣሪያ ካለም ራሱን ያስወጣል። 2023 ነው መሞላት ያለበት።

ወረቀቱ ራሱ

ሦስት ዓይነት ነው የሚመጣው። ስቱደንት ኮፒ ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው ነው፤ አገር ውስጥ ለማመልከት ይበቃል። ቴምፖ የሚባለው ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ ዲግሪው እስኪወጣ ያገለግላል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን ከተቋም ወደ ተቋም የሚሄድ ነው፤ ታሽጎ፣ በእሽጉ መገናኛ ላይ ማኅተም ተመትቶ። በተማሪው እጅ ቢያልፍ እንኳ መከፈት የለበትም። «ስሜ በትክክል ተጽፎ ይሆን?» ብሎ ፖስታውን የከፈተ ሰው ሰነዱን አበላሽቷል፤ እንደገና ማሠራት አለበት። ስሙን ማየት ያለበት ከመታሸጉ በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ኦፊሻሉንና ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ኮስት ሼሪንግ ነው። የወጪ መጋራት ደንቡ ሁለት መንገድ ይሰጣል፤ አንዴ መክፈል ወይም ከደመወዝ እየተቆረጠ መክፈል። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው መሥሪያ ቤቱ እየቆረጠ ለገቢዎች ማስገባቱን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በደረሰኝ ይከታተል። ዓመታት አልፈው ስኮላርሺፕ ሲመጣ «ተቆርጧል፣ ግን አልገባም» የሚል መልስ ማግኘት የማመልከቻ ቀነ ገደብ ከሚያሳልፉ ነገሮች ዋናው ነው። ክፍያው አልቆ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሲያዝ ሬጅስትራር ይኬዳል፤ ጥያቄው ይሞላል፣ የአገልግሎትና የፖስታ ክፍያ ይከፈላል፣ የሚላክበት አድራሻ በእንግሊዝኛ በታይፕ ተጽፎ ይሰጣል። በእጅ ጽሑፍ የተሰጠ አድራሻ አንድ ፊደል ተስቶ ፖስታው ሲመለስ ወር ይሄዳል። ሰነዱ ሲወጣ ለአንድ ቦታ ብቻ አታሠሩ፤ ሦስት አሠሩ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ያው ሰልፍ ነው።

ከመመረቅ በፊት መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኤንጂ ነው፤ መምህሩ ግሬድ ሳያስገባ የቀረ ኮርስ። ተማሪው ሰምቶት «ኤ ነው ያለኝ» ብሎ ይተወዋል፣ መምህሩ ለትምህርት ውጭ አገር ይሄዳል፣ ኮርሱ ሳይዘጋ ይቀራል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ግሬድ ሪፖርቱን ማውጣትና ከራስ መዝገብ ጋር ማመሳከር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው ስም ነው። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በዲግሪና በፓስፖርት ላይ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ መሆን አለበት፤ ተስፋዬ፣ ጽጌ፣ ኃይሉ፣ ሳሙኤል የሚባሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋሉ። የትምህርቱን ሰነድ ከማስቀየር ፓስፖርቱን ሲያወጡ ከሰነዱ ጋር ማስማማት ይቀላል።

በባሕር ማዶ

ቁጥሯ ከሞት የምትነሣው እዚህ ነው፤ በተለይ ጀርመን። እዚያ 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው። የውጭ ውጤት የሚቀየረው የባቫሪያ ቀመር በሚባለው ነው፤ ከከፍተኛው ነጥብ የራስን ውጤት መቀነስ፣ ልዩነቱን በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ መካከል ላለው ርቀት ማካፈል፣ በ3 ማባዛት፣ 1 መደመር። የእኛው 4.00 ከፍተኛ፣ 2.00 ዝቅተኛ ተብሎ ሲገባ 3.50 የጀርመን 1.75 ይሆናል፣ 3.00 ልክ 2.5፣ 2.75 ወደ 2.9 ይጠጋል፣ 2.60 ደግሞ 3.1። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም የተሻለ ይላሉ፤ ስለዚህ 3.00 እዚያም በር ናት። ዲ ያገኘ ኮርሱን የሚያልፍበት አሠራር ስላለ ዝቅተኛው 1.00 ነው ብሎ የሚያሰላም ሊኖር ይችላል፤ ያኔ 3.00 የጀርመን 2.0 ይሆናል። ውሳኔው የገምጋሚው ነው። የመለኪያው ማብራሪያ በወረቀቱ ጀርባ ከታተመ ግን ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጎ በአንድ ፒዲኤፍ መላክ የአመልካቹ ፈንታ ነው። የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ አናቢን በተባለው የጀርመን መዝገብ ላይ ኤች ፕላስ (እውቅና ያለው) ተብሎ መመዝገቡን አስቀድሞ ማየትም እንዲሁ።

በሞጁል ሥርዓት የተማሩ ምሩቃን ትራንስክሪፕታቸው ላይ ኢሲቲኤስ (የአውሮፓው የክሬዲት መለኪያ) እና ክሬዲት ሰዓት ተቀላቅለው ሊያገኙ ይችላሉ። በእኛ ሞጁሎች 3 ክሬዲት ሰዓት በተለምዶ 5 ኢሲቲኤስ ነው። ፎርሙ ኢሲቲኤስ ሲጠይቅ 138 ብሎ መሙላት የአራት ዓመቱን ዲግሪ የሁለት ዓመት ተኩል ያህል ያስመስለዋል፤ በዚሁ ሒሳብ 230 ነው መሆን ያለበት።

የእንግሊዙ ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛ ማዕረግ ላይኛው ክፍል ጋር የሚመጣጠን ውጤት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል። ሰቃዩም ቢሆን በተመረቀ ማግስት አይችለውም። አሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የተለመደው መስመራቸው 3.00 ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ለይተው የሚያዩ ስላሉ ዘግይቶ የተሻሻለ ተማሪ ያንን ራሱ አስልቶ በማመልከቻ ጽሑፉ አንድ መስመር ቢሰጠው ጥሩ ነው።

አሜሪካ ገብቶ ዲግሪውን ለማስገምገም የሚፈልግ ደግሞ እንደ ደብሊውኢኤስ ካሉት ድርጅቶች ሁለት ዓይነት ሪፖርት ይቀርብለታል። ሰነድ በሰነድ የሚባለው ርካሹ ነው፤ ዲግሪው ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል መሆኑን ይናገራል፣ ጂፒኤ አያወጣም። ኮርስ በኮርስ የሚባለው እያንዳንዱን ኮርስ ቀይሮ ጂፒኤ ያሰላል። ለተራ ሥራ ማመልከቻ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለትምህርትና ለሙያ ፈቃድ ሁለተኛው ይጠየቃል። ርካሹን ገዝቶ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መክፈል የተለመደ ብክነት ነው። ለነርሶች ከግሬዱ ይልቅ የሚታየው የንድፈ ሐሳብና የክሊኒክ ሰዓት ስለሆነ፣ ትራንስክሪፕቱ ሰዓቱን ካልያዘ ከትምህርት ክፍሉ ዝርዝሩን በደብዳቤ ማውጣት ያስፈልጋል።

በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ አመልካችን በነጥብ በሚመርጠው የፍልሰት ሥርዓት፣ ወደ ካናዳ ለመሄድ የሚያመለክት ሰው ግን ሊደነቅ ይችላል። የትምህርት ግምገማው የሚያየው ዲግሪው ከምን ጋር እኩል እንደሆነ ብቻ ነው። የትዳር አጋሩን ሳይዝ የሚያመለክት ባለ ባችለር ለትምህርቱ 120 ነጥብ ያገኛል፤ በ2.01 የተመረቀውም በ3.95 የተመረቀውም። ባለ ማስተርስ 135። ግምገማው አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ቀኑን ከቋንቋ ፈተናው ጋር አስማምቶ ማሠራት ነው፣ የቋንቋው ውጤት በሁለት ዓመት ያበቃልና።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄዱ የጤና ባለሙያዎችም ቁጥሯን የሚጠይቃቸው አያገኙም። ዳታፍሎው የተባለው ድርጅት ዲግሪው፣ ፈቃዱና የሥራ ልምዱ እውነት መሆናቸውን በቀጥታ ከሰጪው ተቋም ይጠይቃል። እዚህ የሚበላሸው ሬጅስትራሩ ለኢሜይል መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። የማረጋገጫ ጥያቄው በተላከ ሳምንት ውስጥ ሰው ልኮ ወይም ደውሎ ደብዳቤው ለማን እንደደረሰ ማጣራት፣ መዝገብ ቁጥሩን ይዞ እስኪመለስ መከታተል ያስፈልጋል፤ መልስ ያልመጣለት ፋይል «ሊረጋገጥ አልቻለም» ተብሎ ይዘጋል፣ ክፍያውም እንደገና ነው።